ስለ ራጅ ሥዕል አጠባበቅና ስለ በሽተኛው ስም

በላይ ጋይንት ደጋ የታመመ ሰው ወደ ንፋስ መውጫ መጥቶ ራጅ ከተነሣ በኋላ፥ ሕመሙ የጠና እንደ ሆነ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ይላካል፤ ከዚያም የሚበልጥ ሕክምና ያስፈለገው እንደ ሆነ በወረታ በኩል ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ያልፋል። በየደረሰበት ስፍራ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው የፊተኛውን ሥዕል ነው። ሥዕሉ በበሽተኛው እጅ ተጠቅልሎ በደኅና ቢደርስ መልካም ነው፤ በዝናም ርሶ ወይም በአውቶቡስ ተረስቶ የቀረ እንደ ሆነ ግን ራጁ እንደ ገና ይነሣል፥ ገንዘቡም እንደ ገና ይከፈላል፥ ጨረሩም በሰውነቱ ላይ እንደ ገና ያልፋል። ከዚህም የሚከፋው፥ የዛሬውን ሥዕል ከፊተኛው ጋር አስተያይቶ በሽታው ጨምሯል ወይስ ቀንሷል ብሎ ለመፍረድ አለመቻሉ ነው። ያረጀ የሳንባ ነቀርሳ ጠባሳና አዲስ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚለዩት በዚህ ማስተያየት ነው።

ሕዝቡ ከጣሊያንኛ ቃል ወስዶ ራጅ የሚለውን ይህን ጨረር ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ሬንትገን ያገኘው በ1888 ዓ.ም.፥ የዐድዋ ጦርነት በሆነበት ዓመት ነው። ወዲያውም በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ ሐኪም ከኢትዮጵያ ቆስለው የተመለሱትን የኢጣልያ ወታደሮች በዚሁ ጨረር መርምሮ ጥይቱ የገባበትን ስፍራ አገኘ። ጨረሩ በጦር ቁስለኞች ላይ ከዚያ በፊት መሠራቱ አይታወቅም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን ሥዕሉ በፊልም ላይ ይታተም ነበር። ዛሬ ግን አዲሱ መሣሪያ ሥዕሉን በቍጥር አድርጎ ለኮምፒዩተር ያስረክባል። ከልዩ ልዩ ፋብሪካ የወጡ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው እንዲግባቡ፥ የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅና የኤሌክትሪክ ዕቃ ሠሪዎች ማኅበር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1983 ጉባኤ አቁመው ደንብ አወጡ፤ ደንቡም ከ1993 ጀምሮ ዳይኮም ይባላል። የዚህ ደንብ ዋና ጥበብ የበሽተኛው ስም፥ መለያ ቍጥሩ፥ የልደቱ ቀንና ራጅ የተነሣበት ዕለት ከሥዕሉ ጋር በአንድነት መጻፋቸው ነው። የብራና መጻሕፍትን የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ያስተውለዋል፤ ጸሓፊው የአስጻፊውን ስም በመጽሐፉ ውስጥ ያገባል እንጂ በማኅደሩ ላይ አይጽፍም፥ ማኅደር ይለወጣልና።

መከራው ግን የተጻፈው ስም ትክክል ያልሆነ እንደ ሆነ ነው። በአገራችን የቤተ ሰብ መጠሪያ የለም፤ ያለው የራስ ስምና የአባት ስም ነው። በአንድ የገበያ ቀን ሁለት አበበ ከበደ በአንድ ሆስፒታል ቢገናኙ የሚያስደንቅ አይደለም። ደግሞም ያው ሰው አንድ ጊዜ የዓለም ስሙን፥ አንድ ጊዜ የክርስትና ስሙን ይናገራል። መሣሪያው የላቲን ፊደል ብቻ የሚቀበል ሲሆንም ጌታቸው የሚለው ስም በሦስት ሰዎች እጅ ሦስት ዐይነት ሆኖ ይጻፋል። የልደቱ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ገብቶ መሣሪያው በአውሮፓ አቆጣጠር ቢያነበው፥ ሰውየው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጃል። በሽተኛው ከሥዕሉ አጠገብ ቆሞ ሳለ ይህ ስሕተት ብዙ አይጎዳም፥ ሐኪሙ ጠይቆ ያርመዋልና። ሥዕሉ ብቻውን ወደ ባሕር ዳር በሄደ ቀን ግን የሚያርመው የለም፤ የአንዱ ደረት በሌላው ስም ይነበባል፥ ደኅናው ይቀደዳል፥ የታመመውም ወደ ቤቱ ይሰናበታል።

ስለዚህ ሹማምንት ስለ መሣሪያው ዋጋ ከመምከራቸው በፊት ስለ ካርድ ክፍሉ ሊመክሩ ይገባል። በአዲስ ዘመን፥ በእብናት፥ በመካነ ኢየሱስና በንፋስ መውጫ ላሉት ሆስፒታሎችና ለደብረ ታቦር ሆስፒታል ሁሉ የሚያገለግል አንድ ቍጥር ለአንድ ሰው ያስፈልጋል። ፋይዳ የሚባለው ባለ 12 አኃዝ መታወቂያ ለዚህ ሊረዳ ይችላል፤ ላልያዘው ሰው የአያቱን ስምና ቀበሌውን መጨመር ግድ ነው። ስሙም በካርድ ክፍል አንድ ጊዜ ተጽፎ፥ ለባለቤቱ ተነቦለት፥ ከዚያ በመሥመር ወደ ራጅ ክፍል ሊተላለፍ ይገባል እንጂ የራጅ ባለሙያው እንደ ገና አይጽፈው። ለዚህ ሥራ ጥንቁቅ ጸሓፊ ከብዙ ኮምፒዩተር ይበልጣል።

ሥዕልን ወደ ሩቅ መላክ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በ1999 ዓ.ም. በሕንድ መንግሥት ርዳታ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና የነቀምቴ ሆስፒታል በሃይደራባድ ካለ ሆስፒታል ጋር ተገናኝተው ነበር። ከባድ በሚባለው በሲቲ ስካን እንኳ አንዱ ሥዕል 512 በ512 ነጥብ ሲኖረው ግማሽ ሜጋባይት ያህል ነው፤ 300 ሥዕል ያለው ምርመራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መሥመር በ10 ደቂቃ ያልፋል። ይህም ከደብረ ታቦር እስከ ባሕር ዳር ካለው 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ጋር ሲመዛዘን ኢምንት ነው፤ መሥመሩ ካለ። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ዋናው መዝገብ በሆስፒታሉ ግቢ ሊቀመጥ፥ ግልባጩም መሥመር በተገኘ ጊዜ ወደ ሌላ ከተማ ሊላክ ያስፈልጋል። ግልባጭ የሌለው መዝገብ ከቤቱ ጋር ይጠፋል፤ በ2013 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ጦርነቱ ንፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ የከተማይቱ የሕክምና ቤቶች ተዘርፈዋል።

አሁን በብዙ ስፍራ የሚታየው ልማድ ፊልሙን በስልክ ካሜራ አንሥቶ በቴሌግራም ለወዳጅ ሐኪም መላክ ነው። በጭንቅ ሰዓት ሕይወት ሊያድን ስለሚችል ፈጽሞ አይነቀፍም። ነገር ግን ረቂቁ ምልክት በዚህ አኳኋን ይደበዝዛል፥ ስሙና ቍጥሩም ከሥዕሉ ይለያል፥ የበሽተኛውም ምስጢር በማያውቀው ሰው ስልክ ውስጥ ይቀራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ደግሞ የጤናን መረጃ ከፍ ያለ ጥበቃ ከሚያሻው ወገን ቈጥሮታል፤ ሥዕሉን ማን እንደ ላከው፥ ማን እንዳየውና መቼ እንዳየው የሚመዘግብ መሥመር እስኪዘረጋ ድረስ ግን ሐኪሙ በእጁ ያለው ስልኩ ብቻ ነው።