የፋይል ፈቃድ በሰርቨር ላይ፦ 644፣ 755 እና አደገኛው 777

ከአሶሳ ወደ ነቀምት በሚያመራው መንገድ ላይ በምትገኘው ባምባሲ ተቀምጦ የትምህርት ቤቱን ድረ ገጽ የሚያዘጋጅ ተማሪ፣ ሰርቨሩ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ሊሆንበት ይችላል። ፋይሎቹን የሚያደርስለት እንደ ፋይልዚላ ያለ የፋይል ማስተላለፊያ ፕሮግራም ነው። ፋይሎቹ በሰላም ደርሰው እያለ ገጹ ሲከፈት «403» የሚል የክልከላ መልእክት ቢመጣ፣ ብዙውን ጊዜ ችግሩ የፋይል ፈቃድ ነው።

ከዩኒክስ በተወረሰው በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ፋይል ሦስት ወገኖችን ይለያል፤ ባለቤቱን፣ ቡድኑንና ሌላውን ሁሉ። ሦስቱ አኃዞች በቅደም ተከተል የእነዚህ ወገኖች ናቸው። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስፈጸም 1 ዋጋ አላቸው። ስለዚህ 644 ሲባል ባለቤቱ ያነባል፣ ይጽፋልም (4+2)፤ የቀሩት ግን ከማንበብ አያልፉም። ለተራ ድረ ገጽ ፋይል ይህ ይበቃል።

ፎልደር ላይ ሲደርስ የ1 ትርጉም ይለወጣል። ፎልደርን «ማስፈጸም» ማለት በውስጡ ማለፍ ማለት ነው። ማለፍ የተከለከለ ሰርቨር ውስጥ ያለው ፋይል ቢፈቀድለትም ሊደርስበት አይችልም። ፎልደር 755 የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። በፋይልዚላ በሰርቨሩ በኩል ያለውን ፎልደር በማውዝ ቀኝ ቁልፍ ተጭነን የፈቃድ መስኮቱን ስንከፍት፣ ለውጡ በውስጡ ላሉት ሁሉ እንዲደርስ ማዘዝ እንችላለን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ 644ን ለፋይሎች ብቻ ብለን ካልወሰንነው ንዑስ ፎልደሮቹም ማለፊያቸውን ያጣሉ፤ ድረ ገጹም ይዘጋል።

ሲቸግር «777 አድርገው» የሚል ምክር ይሰማል። ገጹ ወዲያው ሊከፈት ስለሚችል ምክሩ ትክክል ይመስላል፤ በእኔ ግምት ግን ከችግሩ መፍትሔው ይከፋል። «ሌላው ሁሉ» የተባለው ገጹን የሚጎበኘው አንባቢ ሳይሆን በዚያው ሰርቨር ላይ ያሉ ሌሎች መለያዎችና ፕሮግራሞች ናቸው። በርካሽ የኪራይ ሰርቨር ላይ ደግሞ ብዙ ደንበኞች አብረው ያድራሉ። ከእነርሱ አንዱ ቢጠለፍ ጠላፊው 777 በተሰጠው ፋይል ላይ የፈለገውን ሊጽፍ፣ የፈተና ውጤትንም ሊለውጥ ይችላል።

የመረጃ ቋቱን የይለፍ ቃል የያዘ ፋይል ግን ለ644ም አይሰጥም። ፕሮግራሙ በባለቤቱ ስም በሚሠራበት ሰርቨር 600፣ በቡድኑ በኩል በሚያነብበት 640 ይሁን። የቆየው ኤፍቲፒ የይለፍ ቃልን ሳይመሰጥር ስለሚልክ፣ በተለይ ከኢንተርኔት ቤት የሚሠራ ሰው ግንኙነቱን ሲመሠርት ኤስኤፍቲፒን ይምረጥ።