በዝናባማው ኢሉባቦር ለመንግሥት ሠራተኛው የሚበጅ የተመጠነ የልብስ አያያዝ

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለጥበቃ፣ ለጽዳት፣ ለተላላኪና ለሾፌር ሠራተኞች የደንብ ልብስ ይሰጣል። ባለጉዳይ የሚያስተናግደው ባለሙያና በየስብሰባው መሥሪያ ቤቱን የሚወክለው የሥራ ኃላፊ ግን በወግ ለብሶ እንዲገኝ የሚጠበቅበት ቢሆንም ልብሱን የሚገዛው ከደመወዙ ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም ጀምሮ በተደረገው ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11 ሺህ 500 ብር ሆኗል። ከዚህ ላይ ግብርና የጡረታ መዋጮ፣ ቀጥሎም የቤት ኪራይ፣ ቀለብና የልጆች ትምህርት ቤት ወጪ ሲነሣ ለልብስ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ልብስና ጨርቅ ዋጋው ንሯል። በዱቤ ለብሶ ለወራት ዕዳ መክፈል በዞንና በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች እንግዳ ነገር ያልሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለዚህ ችግር ሌላው ዓለም የተጠቀመበት አንድ መላ አለ። በአውሮፓውያኑ 1970ዎቹ በለንደን የልብስ መደብር የነበራት ሱዚ ፎ የተባለች ነጋዴ፣ እርስ በርሳቸው የሚስማሙ ጥቂት ጥሩ ልብሶችን ብቻ መያዝ እንደሚበቃ ለደንበኞቿ ታስተምር ነበር። አሜሪካዊቷ የልብስ ንድፍ ባለሙያ ዶና ካራን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 እየተቀያየሩ የሚለበሱ ሰባት ልብሶችን ለሥራ ገበታ ሴቶች ስታቀርብ ሐሳቡ በሰፊው ታወቀ።

የሐሳቡ መሠረት ቀላል ስሌት ነው። ሁለት ኮት፣ ሦስት ሱሪና አራት ሸሚዝ ያለው ሰው ያሉት ዘጠኝ ልብሶች ናቸው። ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚሄዱ ከሆነ ግን ሁለት በሦስት፣ በአራት ሲባዛ 24 ዓይነት አለባበስ ይገኛል። ከሦስቱ ሱሪዎች አንዱ ከአንድ ኮትና ከሁለት ሸሚዝ ጋር ብቻ የሚስማማ ቢሆን ቁጥሩ ወዲያውኑ ወደ 18 ይወርዳል። በገበያ ዓይን የሳበ፣ ነገር ግን ቤት ካለው ልብስ ጋር የማይሄድ ዕቃ ውድ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ተጨማሪ ልብስ መስሎ ይገባና አጃቢ ፍለጋ ሌላ ወጪ ያስከትላል።

ይሁንና ይህ ምክር የተወጠነው የታጠበ ልብስ ማድረቂያ መኪናና የልብስ እጥበት ቤት በየመንገዱ በሚገኝባቸው ከተሞች ነው። በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙ፣ በያዮ ወይም በቡሬ የልብስን ቁጥር የሚወስነው ፋሽን ሳይሆን ዝናብ ነው። ኢሉባቦር በአገሪቱ ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ በጎሬ በዓመት የሚዘንበው በአማካይ ከ1 ሺህ 500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ዝናቡ የሚጀምረውም በበልግ ወራት ሆኖ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የታጠበ ልብስ የሚደርቀው በረንዳ ላይ ወይም ቤት ውስጥ በተወጠረ ገመድ ነው።

ስለዚህ ስሌቱ ከመድረቂያው ቀን መነሣት ይኖርበታል። በበጋ ማታ የታጠበ ሸሚዝ በማግስቱ ይደርቃል። የሰኞንና የማክሰኞን ሸሚዝ ማክሰኞ ማታ ያጠበ ሠራተኛ ረቡዕ ሦስተኛውን ለብሶ፣ ሐሙስና ዓርብ ወደ ሁለቱ ይመለሳል፤ ሦስት ሸሚዝ ይበቃዋል ማለት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግን ሸሚዙ ለመድረቅ ሦስት ቀን ሊወስድ ስለሚችል ይኸው አሠራር አያስኬድም። ከሰኞ እስከ ረቡዕ የተለበሱት ሦስቱ ረቡዕ ማታ ታጥበው እስከ ቅዳሜ ይቆያሉ፤ ሐሙስና ዓርብ ሌሎች ሁለት ያስፈልጋሉ፤ እነርሱም ቅዳሜ ታጥበው ማክሰኞ ይደርሳሉ። በሳምንት ሁለት ጊዜ እስከታጠበ ድረስ የክረምቱ ቁጥር አምስት ነው። ከዚያ የሚበልጠው ትርፍ ሲሆን፣ ከዚያ ማነሱ ደግሞ እርጥብ ልብስ ለብሶ ቢሮ መግባትን ያስከትላል።

የጨርቁ ዓይነትም በዚሁ መለኪያ ሊታይ ይገባል። ንጹሕ ጥጥ ለገላ የሚመች ቢሆንም ውኃ ይይዛል፤ ቴትሮን ቶሎ ይደርቃል፣ ካውያም ብዙ አይፈልግም። የመብራት መቆራረጥ ባለበት ከተማ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ጂንስ ሱሪ ለመስክ ጠንካራ ነው ቢባልም በክረምት ከታጠበ ቀናት ይፈጃል፤ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለኢሉባቦር ክረምት የሚመረጠው ስስ ካኪ ነው።

ቀለምን በተመለከተ በብዙ የሥራ ኃላፊዎች ዘንድ የተለመደው ጥቁር ሙሉ ልብስ ነው። የአካባቢው አፈር ግን ቀይ ነው። ከመኪና ወርዶ ሃያ እርምጃ የተራመደ ሰው የሱሪው ጫፍ ላይ የደረቀው ቀይ ጭቃ በጥቁር ጨርቅ ላይ ከሩቅ ይታያል። ቡናማ፣ ዳማና አመድማ ሱሪ ይህን ነውር በተሻለ ይሸፍናል። ኮቱ ጥቁር ሰማያዊ ወይም አመድማ ቢሆን ከሦስቱም ጋር ይሄዳል። ሸሚዝ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ የክሬም ቀለም ወይም በጣም ደቃቅ መስመር ያለው ቢሆን የሚስማማ ሲሆን፣ ነጭ ለበዓልና ለትልቅ ስብሰባ አንድ ይበቃል።

ለሴት ሠራተኞች ነገሩ ትንሽ ይለያል። አንድ ወንድ ሠራተኛ በተመሳሳይ ኮት ሳምንቱን ቢጨርስ ልብ የሚለው የለም፤ የሥራ ባልደረባው የሆነች ሴት ግን ይህን ብታደርግ አስተያየት ይበዛባታል። አግባብ ባይሆንም ያለ እውነታ ነው። ሁለት ጠቆር ያሉ፣ ከጭቃ ከፍ የሚሉ ጉርድ ቀሚሶች፣ አንድ ሱሪ፣ አንድ ኮት፣ ሁለት ሹራብና አራት ወይም አምስት ሸሚዝ ካሉ፣ ልዩነቱን ሦስት አራት ሻርፕ ሊፈጥረው ይችላል። ሻርፕ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ በአንድ ሌሊትም ይደርቃል።

የመስክ ሥራ ሌላው ጉዳይ ነው። ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀውና ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ ሜትር አካባቢ ላይ ወደምትገኘው ጎሬ የሚወጣ ሰው ብርድ ይጠብቀዋል። ከቡሬ ወደ ጋምቤላ የሚወርደው ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ከሙቀት ጋር ይገናኛል። በ2002 ዓ.ም በዩኔስኮ በተመዘገበው የያዮ የቡና ደን ውስጥ የሚውል የግብርና ባለሙያም ዝናቡ ቢያባራ እንኳ ከቅጠሉ የሚንጠባጠበው አይቀርለትም። አንድ ወፍራም ካፖርት ለእነዚህ ሁሉ አይሆንም። ሸሚዝ፣ እጅጌ የሌለው ሹራብና ውኃ የማያስገባ ስስ ጃኬት በየደረጃው የሚደረቡና የሚወልቁ በመሆናቸው የተሻሉ ናቸው።

ጫማ ሁለት የቆዳና አንድ የጎማ ቦት ይበቃል። የቆዳውን አንዱን ቢሮ ትቶ በቦት መመላለስ በመቱ አሳፋሪ አይደለም። የራሰ የቆዳ ጫማ እሳት ዳር ሲቀመጥ ይሰነጠቃል፤ አሮጌ ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት ጥላ ውስጥ ቢያድር ይመረጣል።

ጨርቅ ለኢሉባቦር ከሩቅ የሚመጣ ዕቃ መሆኑ የቆየ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከሆነች በኋላ፣ የባሮ ወንዝ በሚሞላበት ክረምት ከሱዳን በሚመጡ መርከቦች አቡጀዲና ጨው እየገባ በጎሬ በኩል ቡና ይወጣ ነበር። ዛሬ ጨርቁ የሚመጣው ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በበደሌ በኩል በመሆኑ የመጓጓዣው ወጪ ዋጋው ላይ ይጨመራል። ሰልባጅ ርካሽ አማራጭ ሆኖ ይታያል፤ ነገር ግን ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት የተከለከለ እንደመሆኑ ሕግ አስፈጻሚው አካል ገዢ ሆኖ ሲገኝ ነገሩ አያምርም።

ርካሽነት ራሱ መመርመር አለበት። 2 ሺህ ብር የተገዛ ሱሪ በሳምንት ሁለት ቀን ተለብሶ ሁለት ዓመት ቢያገለግል 208 ጊዜ ይለበሳል፤ አንዱ ቀን 10 ብር ገደማ ያስወጣል እንበል። በግማሽ ዋጋ የተገዛው በስድስት ወር ቢያልቅ የቀኑ ወጪ 19 ብር ይሆናል።

ስለዚህም ለብዙዎች የሚያዋጣው ልብስ ሰፊ ጋር መሄድ ነው። ኮት ከሱሪ ይልቅ ዕድሜ ስላለው ከአንድ ጣቃ አንድ ኮትና ሁለት ሱሪ ማሰፋት፣ ሱሪው ሲያልቅ ኮቱ ብቻውን እንዳይቀር ያደርጋል። ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት በውኃ ተነክሮ ቢደርቅ ኋላ አይሰበሰብም። በወገብና በጫፍ በኩል ትርፍ እንዲተው መንገርም ያስፈልጋል።

የባህል ልብስ ከዚህ ቁጥር ውጭ የሚታይ አይደለም። ለኢሬቻ፣ ለሌሎች በዓላትና ለሠርግ አንድ የባህል ልብስ ይበቃል። ለለቅሶ ደግሞ ከጠቆረው ሱሪና ጉርድ ጋር ነጠላና ጋቢ ያገለግላሉ። ጋቢ ክረምት ከታጠበ ግን ሻጋታ ይይዘዋል። ሙሉ ልብስም እንዲሁ ነው፤ ከግድግዳ በራቀ ቁም ሳጥን ተሰቅሎ፣ ፀሐይ በወጣ ቁጥር በሩ ተከፍቶ መናፈስ አለበት።

ግዢው በአንድ ጊዜ መፈጸም የለበትም። አስቀድሞ ያለውን ልብስ አውጥቶ የትኛው ከየትኛው እንደሚሄድ ማየት ይቀድማል፤ ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው አንድ ሱሪ ወይም ሁለት ሸሚዝ ሆኖ ይገኛል። ጊዜውም ይታሰብበት። ከአዲስ ዓመትና ከመስቀል በፊት ልብስ ሰፊዎች ሥራ ይበዛባቸዋል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ቡና የሚለቀምበት ወቅት በመሆኑ ገበያው ይሟሟቃል። በየካቲት ግን ልብስ ሰፊው ጊዜ ወስዶ ይለካል፤ የተነከረው ጨርቅም የሚደርቅበት ፀሐይ አያጣም።