የተኛ የመሰለን ልጅ

የዛሬውን ጽሑፍ የምጀምረው በራሴ ጉድ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። የደወሉት ገንዘብ ያበደሩኝ፣ መርካቶ ሱቅ ያላቸው አንድ ሐጂ ነበሩ። የቀጠሮው ቀን አልፏል፤ ብሩ ደግሞ አልሞላልኝም። ፍራሹ ላይ ጋደም እንዳልኩ «ሐጂ፣ ወላሂ ከከተማ ወጥቻለሁ፤ ሰኞ ስመለስ እመጣለሁ» አልኳቸውና ዘጋሁት። የአምስት ዓመቱ ልጄ አጠገቤ ተኝቶ ነበር። ቢያንስ ለእኔ የተኛ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ልጁ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ጆሮው ላይ ለጥፎ ሳሎን ውስጥ ይንጎራደዳል። «ወላሂ ከከተማ ወጥቻለሁ!» ይላል። ድምፄን፣ ችኮላዬን፣ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያወጣሁትን ረጅም ትንፋሽ ሳይቀር ወስዶታል። እናቱ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ወደ እኔ አየችና ሳቋን አቋረጠች። እኔ እንደ አባት ወግ ልጁን ጠርቼ «ውሸት ሐራም ነው፤ በአላህ ስም ምሎ መዋሸት ደግሞ ይብሳል» ብዬ ገሠጽኩት። ልጁ መልስ አልሰጠኝም። ዐይን ዐይኔን ብቻ አየኝ።

ልጆች አይተው እንደሚማሩ የማያውቅ ወላጅ የለም። ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ከአባቱ ጎን ቆሞ ሩኩዕና ሱጁድ ሲያደርግ አይተን ማሻአላህ ብለናል። ሴት ልጆቻችን በቆርኪ ስኒ ቡና ሲያፈሉ፣ እንግዳ ሲያስተናግዱ፣ ጎረቤት ሲያሙ ሳይቀር ሰምተን ስቀናል። የምንስተው ሌላ ነገር ነው፤ ልጁ ያየውን ካልደገመው አልተማረውም ብለን እናስባለን።

ይህን ሳብሰለስል ከዓመታት በፊት ያነበብኩት አንድ ጥናት ትዝ አለኝ። አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ2021 በ95 ዓመቱ ያረፈ፣ ካናዳ ተወልዶ አሜሪካ በሚገኘው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ የሥነ ልቦና ምሁር ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት 72 የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ፈትኖ ነበር። ከፊሎቹ አንድ ትልቅ ሰው በአየር የተነፋ፣ ሲመቱት ወድቆ የሚነሣ አሻንጉሊት በመዶሻ ሲደበድብና በቃላት ሲዝትበት አዩ። ከፊሎቹ አሻንጉሊቱን ሳይነካ በጸጥታ የሚጫወት ሰው አዩ፤ የቀሩት ምንም አላዩም። በኋላ ልጆቹ እዚያው ዓይነት አሻንጉሊት ወዳለበት ክፍል ሲገቡ ድብደባውን ያዩት ከሌሎቹ በልጠው ደበደቡት፤ የሰሙትንም ቃል ደገሙት።

አሻንጉሊቱ ለመመታት የተሠራ ነውና ይህ ስለ እውነተኛ ጠብ ብዙ አያስረዳም ብለው የተቹት ምሁራን ነበሩ። ትችቱ ተገቢ ይመስለኛል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣው ሌላ ጥናት ነው። በዚህኛው ልጆቹ ያዩት ፊልም ነበር፤ የፊልሙ መጨረሻ ግን ሦስት ዓይነት ነው። በአንዱ ደብዳቢው ይመሰገናል፤ ከረሜላና መጠጥም ይሰጠዋል። በሌላው ይገሠጻል፤ ይመታልም። በሦስተኛው ማንም ምንም አይለውም። ደብዳቢው ሲቀጣ ያዩት ልጆች ለጨዋታ ሲለቀቁ ከሌሎቹ ያነሰ ደበደቡ። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ እኛ ወላጆች «ያው፣ ቅጣት ያስተምራል» ብለን በደስታ እንዘጋው ነበር።

ባንዱራ ግን አላቆመም። ልጆቹን ሁሉ «ያ ሰውዬ ያደረገውን አሳዩኝ፤ ላሳያችሁኝ ለእያንዳንዱ ጭማቂና ተለጣፊ ሥዕል እሰጣችኋለሁ» አስባላቸው። በዚህ ጊዜ የሦስቱ ወገን ልዩነት ጠፋ። ቅጣቱን ያዩትም እንደ ሌሎቹ አድርገው አሳዩ። ለካ ትምህርቱን ሁሉም እኩል ወስደውታል፤ ቅጣቱ ያደረገው ነገር ቢኖር እንዳያወጡት መከልከል ብቻ ነው። የእኔም ተግሣጽ ልጄ ያንን መሐላ በፊቴ እንዳይደግመው አድርጎት ይሆናል። ከውስጡ ግን አላወጣውም።

ልጅ ተኝቷል ብለን በምናስብበት ሰዓት እንደሚመለከተን የሚያሳይ ታሪክ በሐዲስ መጻሕፍትም አለን። ዐብደላህ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ገና ልጅ ሳለ በአክስቱ፣ በሙእሚኖች እናት በመይሙና (ረ.ዐ) ቤት አደረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሌሊት ተነሥተው ከተሰቀለ የቆዳ ውሃ መያዣ ውዱእ አደረጉ። ልጁ ነቅቶ ሁሉንም ያያል። ሲጠባበቃቸው እንደነበር እንዳይታወቅበት አሁን ገና እንደነቃ ሰው ተንጠራርቶ ተነሣ። እንዳደረጉት አድርጎ ውዱእ ካደረገ በኋላ በግራቸው በኩል ቆመ። እርሳቸውም ጆሮውን ይዘው ወደ ቀኛቸው አዞሩት። ሌሊቱን የጠራው ሰው አልነበረም፤ ስህተቱም የታረመው ያለ ንግግር፣ በእጅ ነው።

አዋቂውም ቢሆን ከዚህ አይርቅም። በስድስተኛው ዓመተ ሂጅራ በሑደይቢያ ስምምነት ጊዜ ሶሐቦች ከዕባ ሳይደርሱ መመለሳቸው ከብዷቸው ነበር። መሥዋዕታቸውን እንዲያርዱና ራሳቸውን እንዲላጩ ሦስት ጊዜ ቢነገራቸውም የተነሣ አልነበረም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ባለቤታቸው ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ገብተው ሁኔታውን ነገሯት። እርሷም ለማንም አንድ ቃል ሳይናገሩ ወጥተው የራሳቸውን ግመል እንዲያርዱና ላጫቸውን እንዲጠሩ መከረች። እንዳለችው አደረጉ። ሶሐቦችም ይህን ሲያዩ ተነሥተው አረዱ፤ እርስ በርሳቸውም ተላላጩ። ሦስት ጊዜ በቃል ያልሆነው አንድ ጊዜ በማየት ሆነ። ይህን የተረዳችው ደግሞ ልጆች ያሳደገች እናት ነበረች።

እንግዲህ ለልጄ ሌላ ምክር መደርደር ትርጉም እንደሌለው ገባኝ። ሰኞን አልጠበቅሁም። በዚያው እሑድ ማታ እራት ከመቅረቡ በፊት ሳሎን ውስጥ ቆሜ ለሐጂ ደወልኩ። ድምፄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ።

«ሐጂ፣ ትናንት ከከተማ አልወጣሁም፤ ቤቴ ነበርኩ። ብሩ አልሞላልኝም፤ አፍሬ ነው የዋሸሁዎት። አውፍ ይበሉኝ።»

ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «እኔ እኮ ያንተን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ከኋላህ የቤትህ ቴሌቪዥን ይሰማ ነበር» አሉኝ። ግማሹን በሳምንቱ፣ ግማሹን በወር ልሰጣቸው ተስማማን።

ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል ልጁ ጀርባውን ሰጥቶን ወለሉ ላይ የፕላስቲክ መኪናውን ይገፋል። የሰማ አይመስልም ነበር።