በተዳፋት ግቢ ውስጥ ትንሽ ምድር ባቡር ስለ መሥራት



በአውሮፓ አገር ከሥራ በተረፋቸው ጊዜ በግቢያቸው ውስጥ ትንሽ ምድር ባቡር እየሠሩ የሚደሰቱ ብዙ ሰዎች አሉ። ይህን ነገር የልጆች መጫወቻ ብቻ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ቢኖር ተሳስቷል፤ ትንሹም ባቡር የሚገዛው ትልቁን ባቡር በሚገዛው ሕግ ነውና። በኑረምበርግ ከተማ የነበረው የሌማን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 ለገበያ ባቀረበው የግቢ ባቡር፥ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 45 ሚሊ ሜትር ነው። ይህም የአንድ ሜትር ስፋት 22 እጅ ተኩል ሲያንስ ከሚገኘው ልክ ጋር የተቀራረበ ነው፤ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የቀድሞው ምድር ባቡራችንም የሄደው በዚሁ በአንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ ላይ ነበር።

ግቢው ሜዳ የሆነለት ሰው ሥራው ቀላል ነው። ግቢው ተዳፋት የሆነበት ሰው ግን ሳይለካ ሐዲዱን እንደ መሬቱ አቀማመጥ የዘረጋው እንደሆነ፥ ባቡሩ ሲወጣ መንኰራኵሩ በከንቱ ይሽከረከራል፤ ሲወርድም ከመስመሩ ወጥቶ ይገለበጣል። የብዙ ወራት ድካምም በአንድ ቀን ይጠፋል። ስለዚህ ከአካፋው በፊት ውሃ ልክና ሲባጎ ይቅደም።

ልኩ እንዲህ ነው። ግቢው በ10 ሜትር ርዝመት ውስጥ 60 ሳንቲ ሜትር ቢያዘቀዝቅ፥ ዳገቱ ከመቶ 6 እጅ ነው። ትንሽ ባቡር ፉርጎዎቹን ስቦ ያለ ጭንቅ የሚወጣው ግን ከመቶ 2 እጅ፥ ቢበዛ 3 እጅ ነው። እንግዲህ በ2 እጅ ዳገት 60 ሳንቲ ሜትር ለመውጣት 30 ሜትር ሐዲድ ያስፈልጋል ማለት ነው። በመታጠፊያ ላይም መንኰራኵሩ ሐዲዱን ስለሚፍቅ ድካሙ ይጨምራልና፥ በዚያ ስፍራ ዳገቱ ይቀነስ።

ዞሮ ወደ ተነሣበት የሚመለስ ሐዲድ የወጣውን ያህል መውረዱ የማይቀር ስለሆነ፥ የሚሻለው በአንድ ከፍታ ማስኬድ ነው። ይኸውም ከላይ በኩል 30 ሳንቲ ሜትር ቈፍሮ ከታች በኩል 30 ሳንቲ ሜትር ማሳደግ ነው፤ የተቈፈረውም አፈር ለሙሌቱ ይሆናል። ነገር ግን አዲስ ሙሌት ይሰጥማልና በስሱ እየተደለደለ ይጠቅጠቅ፤ ዳሩም በድንጋይ ካብ ይደገፍ። አንድ የዝናም ወራት እስኪያልፍበት ቢታገሡት ይበልጥ ይጸናል።

የሐዲድ ዋና ጠላት ውሃ ነው። ከዳገቱ የሚወርደውን ጐርፍ የሚቀበል ቦይ ከሐዲዱ በላይ ይቈፈር። ከሥሩ የሚነጠፈው ጠጠርም የወንዝ ድብልብል አይሁን፤ ተፈልጦ ማዕዘን ያወጣው እርስ በርሱ ይያያዛል፥ ውሃም ያሳልፋል። ሐዲዱን በሲሚንቶ አጥብቃችሁ አትሰሩት፤ 10 ሜትር የናስ ሐዲድ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲጨምር 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማልና።

ከሁሉ በላይ የኤሌክትሪክን ነገር አትናቁ። ኀይሉ ለዚሁ ሥራ ከተዘጋጀ፥ ከ24 ቮልት የማይበልጥ ከሚሰጥ ትራንስፎርመር ይምጣ፤ ትራንስፎርመሩም በደረቅ ቤት ውስጥ ይቀመጥ። የቤቱን መብራት ኀይል በቀጥታ ወደ እርጥብ ግቢ ማውጣት ስለ መጫወቻ ሲባል ሕይወትን ማስያዝ ነው።

ሥራው ባለቀ ጊዜ አንድ ባዶ ፉርጎ በየስፍራው አቁማችሁ ልቀቁት። በቆመበት ከጸና ሐዲዱ ልክ ነው፤ በራሱ ከተንከባለለ ግን ያ ስፍራ ዳግመኛ ይስተካከል። መሬቱን የለካ ሰው ባቡሩን ሲያስኬድ ይኖራል፤ ያልለካ ግን የወደቀ ሲያነሣ ይኖራል።