ከእናት ጓዳ እስከ ጤና ጣቢያ፤ ስለ ሆድ መድኃኒቶቻችን

ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ የመጣ እጩ መምህር ሻንጣውን ቢከፍት ከበሶውና ከዳቦ ቆሎው ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አይጠፋም። ፌጦ ነው፤ ወይ ነጭ ሽንኩርት፤ ወይ ጥቁር አዝሙድ። «ሆድህን ሲቆርጥህ» ብላ እናት የቋጠረችው ነው። ማታ ማታ በመኝታ ክፍላችን በዚሁ ቋጠሮ ላይ ክርክር ይነሣል። አንዱ «ኪኒን እያለ ይኼ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ይላል። ሌላው «አባቶቻችን ታዲያ በምን ዳኑ?» ብሎ ይሞግታል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሁለቱም የያዙት ግማሽ ግማሹን ነው። ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ልጇ የታመመባት እናት ብዙ ጊዜ ቀድማ የምታማክረው ቅርቧ ያለውን አስተማሪ ነውና ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ይገባናል።

ከኮሶ እንጀምር። ኮሶ ብለን የምንጠራው ዛፉንም፣ መድኃኒቱንም፣ ትሉንም ነው። በሽታው በመድኃኒቱ ስም መጠራቱ ሁለቱ ምን ያህል ተላምደው እንደኖሩ ያሳያል። ዛፉ ደጋ ወዳድ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ጀምሮ ወደ ላይ ይበቅላል። ዛሬ በብዛት የሚታየው በየደብሩ ቅጥር ነው፤ ሌላው ለሣንቃና ለማገዶ ሄዷል። ወንዴና ሴቴ ዛፍ አለው፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ ይህን ዛፍ አይቷል፤ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉም ለአውሮፓውያን አስተዋውቆታል። በ19ኛው መቶ ዓመት ኮሶ በአውሮፓ የመድኃኒት መጻሕፍት ገብቶ በየፋርማሲው ይሸጥ ነበር። ስለዚህ «ዋጋ የለውም» የሚለው ወንድማችን እዚህ ላይ ይረታል።

ግን ኮሶ ደጋግሞ የሚጠጣው ለምንድን ነው? ትሉ ወደ ሆዳችን የሚገባው በጥሬ ወይም በደንብ ባልበሰለ የከብት ሥጋ ነው። ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ሣር ላይ ይቀራል፤ ከብቱ ይግጠዋል፤ በሥጋው ውስጥ ትንንሽ ፊኛ መስሎ ይቀመጣል። ያንን ጥሬ የበላ ሰው ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ትሉ አድጎ ቁርጥራጩ ይወጣበታል። እንግዲህ የፋሲካውን ቁርጥ አስታውሱና ወሩን ቁጠሩ፤ ሰኔና ሐምሌ ላይ ትደርሳላችሁ! ትሉ በርካታ ሜትር ይረዝማል፤ በጣም ትንሽ በሆነች ጭንቅላቱ አንጀት ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ኮሶው ሰውነቱን አውጥቶ ጭንቅላቱን ካስቀረ ትሉ ከዚያችው ጭንቅላት እንደ ገና ያድጋል። «ኮሶ በየሁለት ወሩ» የሚባለው ልማድ ምሥጢሩ አንድም ይህ ነው፤ አንድም ሰውየው ወደ ጥሬ ሥጋው መመለሱ ነው።

ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። አበባው ተወቅጦ በውኃ ወይም በጠላ ይዘፈዘፋል፤ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ የሚለካው ግን በእፍኝና በዋንጫ ነው። የዘንድሮ አበባና ሁለት ዓመት ጓዳ የተሰቀለ አበባ ጉልበታቸው እኩል አይደለም፤ ሲቆይ ይደክማል። የደከመውን የለመደ ሰው አዲሱን በዚያው እፍኝ ሲሰፍር ይጎዳል። ከማስመለስና ከብርቱ ተቅማጥ አልፎ ከመጠን በላይ ጠጥተው የዓይናቸው ብርሃን የጠፋ ሰዎች በሐኪሞች ተመዝግበዋል። ለነፍሰ ጡር ፅንስ ያስወርዳል፤ ለሕፃንና ለደካማ ሰው ደግሞ የሞት መንገድ ሊሆን ይችላል። በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ በታወቀ ልክ ስለሚሰጥ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ይገላግላል። እኔ በበኩሌ ለኮሶ ትል ወደ ኪኒኑ አደላለሁ።

ሌላው የትል መድኃኒታችን እንቆቆ ነው። በዚህ ላይ ብዙዎቻችን ያልሰማነው ነገር አለ። ሕንዶች አዩርቬዳ የሚባል ከ2,000 ዓመት በላይ የቆየ የባህል ሕክምና አላቸው፤ ቃሉ በጥንታዊ ቋንቋቸው በሳንስክሪት «የሕይወት እውቀት» ማለት ነው። በዚያ ሕክምና ለሆድ ትል ከሚሰጡት አንዱ ቪዳንጋ የሚባል ፍሬ ነው። ቪዳንጋና እንቆቆ የአንድ ወገን ዕፅዋት ናቸው፤ በሁለቱም ፍሬ ውስጥ ኢምቤሊን የሚባል ተመሳሳይ ንጥረ ነገር ተገኝቷል። የስማዳ ገበሬና የሕንድ ባለመድኃኒት ሳይተዋወቁ ለአንድ በሽታ ከአንድ ዘር እጃቸውን ዘርግተዋል ማለት ነው።

ነጭ አዝሙድማ ከነጭራሹ አንድ ነው። እነሱ አጅዋይን ይሉታል፤ ሆድ ሲነፋና ሲቆርጥ ያኝኩታል፤ ወይም አፍልተው ይጠጡታል። ሽታውን የሚሰጠው ታይሞል የሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ጀርም ይገድላል፤ የአንጀትን ቁርጠትም ያላላል። ከደጋ የመጣችሁ ጦስኝ ጠጥታችሁ አድጋችኋል፤ ያም ቢሆን ታይሞል አለበት። አስተሳሰቡም ይቀራረባል። በአዩርቬዳ ምግብን የሚፈጨው «አግኒ» ማለትም እሳት ነው፤ እሳቱ ሲደክም ሰው ይታመማል፤ ስለዚህ ዝንጅብል፣ እርድና አዝሙድ ያሞቁታል። እኛስ? «ሆዴን ብርድ መታኝ» ብለን ፌጦና ዝንጅብል እንፈልግ የለም እንዴ?

ተልባና አብሽ ጨዋዎች ናቸው። ውኃ ሲነካቸው የሚያወጡት ልጋግ ሰገራን ያለሰልሳል፤ ድርቀት ላለበት ጥሩ ነው፤ ብቻ ብዙ ውኃ መጠጣት ያስፈልጋል። የጨጓራ ቁስል ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች፣ ማርሻልና ዋረን፣ በ1982 እ.ኤ.አ. አብዛኛውን የሚያመጣው ባክቴሪያ መሆኑን ደርሰውበት በ2005 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመዋል። ተልባው ማቃጠሉን ሊያስታግስ ይችላል፤ ባክቴሪያውን ግን አይገድልም። ጤና አዳምም በቡና ጣል ሲደረግ መልካም ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴት ግን አብዝታ ጨምቃ እንዳትጠጣ።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን፤ የሕፃን ተቅማጥ። ተቅማጥ ሕፃኑን የሚገድለው በአብዛኛው ውኃውንና ጨዉን ከሰውነቱ አሟጦ ነው። ታዲያ በየሰፈሩ ምን ይደረጋል? «ጥርስ እየመጣበት ነው» ተብሎ ድዱ ይቆረጣል፤ እንጥሉ ይቆረጣል፤ ወይም «ሆዱ ይጠረግ» ተብሎ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይጋታል። ውኃ እየፈሰሰ ያለን እንስራ ሌላ ቀዳዳ መክፈት ማለት ይኸው ነው! ሌላው ክፉ ልማድ ውኃና ጡት መከልከል ነው። ጡቱ አይቋረጥ፤ ምግቡም አይከልከል። ኦ.አር.ኤስ. የሚባለው ዱቄት ከጤና ኬላ ይገኛል። እስኪመጣ ድረስ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ ውስጥ 6 ልክክ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ነው። ጨው እንዳይበዛ መጠንቀቅ ያሻል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ሰገራው ደም ከቀላቀለ ግን ቤት ማቆየት የለም፤ ተሸክሞ መሮጥ ነው።

ይህን ለእናቲቱ ስንነግር አነጋገራችንን እንጠንቀቅ። «የናንተ ቅጠል» ብሎ የጀመረ አስተማሪ ሰሚ አያገኝም። «እናቴ፣ ነጭ አዝሙዱ ለርስዎ ጥሩ ነው፤ ለልጁ ግን ይቺን ውኃ እናጠጣው» ያለ ይሰማል። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ የትል ኪኒን በዘመቻ ሲታደል ከጤና ባለሙያዎች ጎን መምህራንም ተሰልፈዋል፤ ወላጅ የሚጠይቀውም እነሱን ነው። አልቤንዳዞሉ ለወስፋትና ለመሰሎቹ እንጂ ለኮሶ ትል ታስቦ የሚሰጥ አለመሆኑን ካልነገርነው፣ በሐምሌ ቁርጥራጩ ሲወጣበት «ኪኒኑ ውሸት ነው» ብሎ ወደ እፍኙ ይመለሳል። ደግሞ አንድ ልጅ ማክሰኞ ቀርቶ ረቡዕ ገርጥቶ ቢመጣና «ኮሶ ጠጥቼ ነው» ቢል አለንጋ አታንሡበት። ውኃ አጠጡት፤ ጥላ ሥር አስቀምጡት፤ ማን እንደሰፈረለትና በምን እንደሰፈረለትም ጠይቁት።