የኩላሊት ጠጠር፦ ሕክምናው ቀሏል፣ መከላከያው ግን አሁንም ውሃ ነው

 

በባቱና በአካባቢዋ ሙቀት የዘወትር ነገር ነው። በመስኖ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያለማው ገበሬ፣ በአበባ እርሻ ፕላስቲክ ቤት ውስጥ የሚውሉት እህቶች፣ ሐይቁ ላይ መረብ የሚጥለው ዓሣ አጥማጅ፣ ባጃጅ ላይ የሚውለው ወጣት ሁሉም ብዙ ያልባቸዋል፣ የሚጠጡት ግን ጥቂት ነው። መጸዳጃ ቤት ስለሚርቃቸው ሆን ብለው ውሃ የማይጠጡም አሉ። የኩላሊት ጠጠር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ጠጠሩ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው ጠጠሩ ከምስር ወይም ከጤፍ ጋር ከተዋጠ አሸዋ የመጣ ይመስለዋል። እውነታው ሌላ ነው። የተዋጠ አሸዋ በአንጀት አልፎ ይወጣል፣ ኩላሊት አይደርስም። ጠጠሩ የሚሠራው እዚያው ኩላሊት ውስጥ ነው። ሽንት ውሃ ሲያንሰው በውስጡ የሟሙት ካልሲየም፣ ኦክሳሌትና ዩሪክ አሲድ የመሳሰሉት ነገሮች እየረጉ ይጠጥራሉ። አብዛኛው ጠጠር ካልሲየምና ኦክሳሌት ተጣብቀው የሚፈጥሩት ነው።

ሕመሙ ሲጠፋ አይዘናጉ

ጠጠር ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቀጭን ቱቦ ሲገባ ከጎን ጀምሮ ወደ ብሽሽት የሚወርድ፣ እየመጣ የሚሄድ ከባድ ሕመም ያስከትላል። ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና ደም የቀላቀለ ሽንትም ሊኖር ይችላል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሕመሙ ሲተዋቸው ጠጠሩ ወጥቷል ብለው ይተኛሉ። ጠጠሩ ግን ቱቦውን ዘግቶ ያለ ሕመም ሊቀመጥ ይችላል። እንዲህ ከቆየ ኩላሊቱ ቀስ በቀስ ይጎዳል። ስለዚህ ሕመሙ ቢጠፋም ጠጠሩ መውጣቱን በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ተልባና የገብስ ውሃ መጠጣት ፈሳሽ ይጨምራል፤ የተፈጠረን ጠጠር ማቅለጣቸው ግን አልተረጋገጠም።

ከሕመሙ ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ ሽንት ጨርሶ ከቆመ፣ ታማሚዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም ሰውየው ያለው አንድ ኩላሊት ብቻ ከሆነ እስከ ነገ አይጠበቅም። ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

ሕክምናው ምን ደረሰ?

ድሮ ጠጠር ለማውጣት ጎንን በሰፊው መቅደድ የተለመደ ነበር። ዛሬ እንደ ጠጠሩ መጠንና ቦታ ከሚከተሉት አንዱ ይመረጣል።

1. መጠበቅ፦ ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወጣል። ሐኪም ማስታገሻ እያዘዘ ይከታተላል።

2. በግፊት ሞገድ መስበር፦ ከሰውነት ውጭ የሚላክ ሞገድ ጠጠሩን ይሰባብረዋል፣ ፍርፋሪው በሽንት ይወጣል። ይህ ሕክምና ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1980 በጀርመን ሙኒክ ከተማ ነው። ምንም አይቀደድም። ነገር ግን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፣ ጠጠሩ ጠንካራ ከሆነም መደጋገም ሊያስፈልግ ይችላል።

3. በካሜራና በሌዘር፦ ሐኪሙ ካሜራ የተገጠመለት ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫ በኩል አስገብቶ ጠጠሩን በሌዘር ይሰባብረዋል። አዳዲሶቹ ቱቦዎች ስለሚተጣጠፉ ኩላሊት ውስጥ ድረስ ይገባሉ። ቱሊየም ፋይበር የሚባለው አዲስ ሌዘር ጠጠሩን እንደ ዱቄት ያደቅቀዋል። ፍርፋሪውን እየመጠጡ የሚያወጡ መሣሪያዎችም መጥተዋል።

4. በጀርባ በኩል በትንሽ ቀዳዳ፦ ከ2 ሴንቲ ሜትር ለሚበልጥ ጠጠር የሚመረጠው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ከስዊድን የተዘገበው ይህ ዘዴ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀዳዳ ይበቃዋል። አሁን ከዚያም የጠበበ ቀዳዳ የሚጠቀም አለ።

ምርመራው በቅርብ ሆስፒታል ሊጀመር ይችላል። ለሌዘሩና ለመሰል ሕክምና ግን ከባቱ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት ይጠይቁ፦ ጠጠሩ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? የት ነው ያለው? የትኛው ዘዴ ይሻለኛል? ስንት ጊዜ መመላለስ አለብኝ?

ስቴንት እንዳይረሳ

ከሕክምናው በኋላ ሽንት እንዳይዘጋ ስቴንት የሚባል ለስላሳ ቱቦ ውስጥ ሊተው ይችላል። ይህ ጊዜያዊ ነው፤ ሐኪሙ በቀጠረበት ቀን መውጣት አለበት። ደህና ነኝ ብሎ ወደ አገሩ የተመለሰና ቀጠሮውን የረሳ ሰው ስቴንቱ ራሱ ጠጠር ይሠራበታል፣ ኩላሊቱንም ሊያጣ ይችላል። ሲወጡ ስቴንት ተደርጎልኛል ወይ? መቼ ይወጣል? ብለው ጠይቀው ቀኑን ይጻፉ።

እንዳይመለስ ምን እናድርግ?

ጠጠር አንዴ የያዘው ሰው ዳግም የመያዝ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ጣሊያን ውስጥ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጠር የያዛቸው ሰዎች ለ5 ዓመት ተከታተሉ። ብዙ ውሃ እንዲጠጡ ከተደረጉት 12 በመቶዎቹ፣ እንደ ልማዳቸው ከቀጠሉት ደግሞ 27 በመቶዎቹ ጠጠሩ ተመልሶባቸዋል።

• ግቡ በቀን ቢያንስ 2 ሊትር ተኩል ሽንት መሽናት ነው። በሙቀት ለሚሠራ ሰው ይህ ከ3 ሊትር በላይ መጠጣት ይጠይቃል። ለውዱእ ስንነሳ የሽንታችንን ቀለም እንመልከት፤ ከጠቆረ ውሃ አንሶናል ማለት ነው። የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት ሰው ግን መጠኑን ሐኪሙ ይወስንለት።
• ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይብለጥ። ሥጋም ይመጠን።
• ወተትና እርጎ አይከልከሉ። ካልሲየም ከምግብ ጋር ሲወሰድ ኦክሳሌትን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል። ቆስጣ፣ ቀይ ሥርና ኦቾሎኒ ግን ይቀነሱ። ቲማቲም በመጠኑ ቢበላ ችግር የለውም።
• ውሃ ላይ ሎሚ መጭመቅ ይጠቅማል፤ ስኳር የበዛበት ለስላሳ ግን ውሃን አይተካም።

በስምጥ ሸለቆ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። በብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ የበዛው ጥርስና አጥንትን ይጎዳል። ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም፣ እንዲያውም ያከማቸዋል። ስለዚህ ብዙ ጠጡ ስንል የተመረመረ ውሃ፣ በንጽህና የተያዘ የዝናብ ውሃ ወይም በአጥንት ከሰል የተጣራ ውሃ ማለታችን ነው።

በረመዷንስ?

ያለፉት ዓመታት ረመዷን በየካቲትና በመጋቢት ሙቀት ላይ ነበር። በኢፍጧር ሰዓት አንድ ጆግ ውሃ በአንዴ ከመጠጣት ከኢፍጧር እስከ ሱሑር ከፋፍሎ መጠጣት ይሻላል፦ በኢፍጧር ሁለት ብርጭቆ፣ ከተራዊሕ በፊትና በኋላ፣ ከመኝታ በፊት፣ በሱሑርም ሁለት። ጠጠር ያለበት ወይም በቅርቡ የታከመ ሰው ረመዷን ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። አላህ ለታመመ ሰው አፍጥሮ በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ ፈቅዶለታል። ይህን ፈቃድ መጠቀም የዲን ድክመት አይደለም። ኩላሊት አማና ነው፤ አማናን መጠበቅም ከዲን ነው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይላክልን፣ ጤናችንን ይጠብቅልን። አሚን።