የኃላፊው ፓስዎርድ በማን እጅ ነው?

ከመርሳ እስከ ሰሜን ወሎ ዞን መቀመጫ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መስመር በጠፋ ቁጥር የወረዳ ሪፖርት በፍላሽ ተጭኖ፣ በሰው ኪስ ሆኖ፣ በሚኒባስ ወደ ዞን ይሄዳል። ፍላሹን የያዘው፣ ሪፖርቱን የተየበው፣ ሠንጠረዡን ያቃናው፣ አንዳንዴም በኃላፊው ስምና ፓስዎርድ ገብቶ ያጸደቀው ያው አንድ ሰው ነው፤ የአይሲቲ ባለሙያው ወይም ጸሐፊዋ። ኃላፊው የታተመው ወረቀት ላይ ይፈርማሉ። በሰሜን ወሎም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ይህ ልማድ ሃያ ዓመት አልፎታል። እስካሁን የታየው እንደ ተራ የቢሮ ወግ ነው። እኔ ግን የመንግሥት ሥራ በማን እጅ እንዳለ የሚያስጠይቅ የሕዝብ ጉዳይ ነው እላለሁ።

ጠዋት ቢሮ ሲከፈት የሚሰማው ጥሪ ይታወቃል። «ና እስቲ ልጄ፣ ይቺ ነገር እንቢ አለችኝ።» ፕሪንተሩ ወረቀት ነክሶ ይዟል፤ ወይ ኮምፒዩተሩ ስታክ አድርጓል፤ ወይ ትናንት የተሠራው ደብዳቤ የገባበት ጠፍቷል። ባለሙያው ልጅ «አብሽሩ ጋሼ፣ ቀላል ናት» ይልና ማውሱን ይቀበላል። አራት አምስት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል፤ ይስተካከላል። ይመረቃል። በመካከል የሆነውን ግን ጋሼ አላዩትም፤ የልጁ እጅ ከዓይናቸው ይፈጥናል። በሳምንቱ ያቺው ነገር እንደገና እንቢ ትላለች፤ ልጁም እንደገና ይጠራል። መስክ ወጥቶ ወይም ዓመት ፈቃድ ላይ ሆኖ ከታጣ ባለጉዳዩ «ሲስተም የለም» ተብሎ ይመለሳል። ከገጠር ቀበሌ በእግሩ የመጣው ገበሬ የጠፋው ሲስተሙን የሚከፍተው ሰው መሆኑን የሚነግረው የለም።

ኃላፊዎቹን ሰነፍ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን ለጽሕፈት መኪና ካመቻቹ ወዲህ የአገራችን ቢሮ የኖረው በአንድ ሥርዓት ነው። ኃላፊ በእጁ ረቂቅ ይጽፋል፤ ታይፒስት ትመታዋለች፤ ኃላፊ አርሞ ይመልሳል፤ ንጹሑ ሲመጣ ይፈርማል፤ ቲተርና ማኅተም ያርፍበታል። መተየብ የኃላፊ ሥራ አልነበረም፤ ሲተይብ መታየትም ከደረጃ ዝቅ እንደማለት ይቆጠር ነበር። ኮምፒዩተር የመጣው በዚሁ ሥርዓት ላይ ነው። መጀመሪያ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። በኋላ ለኃላፊውም ተገዛ፤ በብዙ ቢሮ ግን ዳንቴል ለብሶ የሥልጣን ምልክት ሆኖ ተቀመጠ።

ከዚያ መንግሥት ራሱ ሥራውን ወደ ማሽኑ አዞረ። በ1994 ዓ.ም. ገደማ በጀትና ሥልጣን ወደ ወረዳ ሲወርድ ወረዳ የራሱን ሂሳብ መያዝ ግድ ሆነበት። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሥር በነበረ ፕሮጀክት የተሠራው አይቤክስ የተባለ የበጀትና የወጪ ሶፍትዌር የአማራ ክልልን ጨምሮ በየክልሉ ተሠራጨ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወረዳዎችን በኔትወርክ የሚያገናኘው ወረዳኔት መጣ፤ በአብዛኛው ወረዳ የሳተላይት ዲሽ ተተከለ፣ የቪዲዮ ኮንፈረንስ ክፍል ተዘጋጀ። የጤና ሪፖርት በኋላ ዲኤችአይኤስ 2 የተባለ ሲስተም ላይ ገባ። በሰኔ 2012 ደግሞ «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂ ጸደቀ። ሲስተም በመጣ ቁጥር ሥልጠና አብሮ ይመጣል፤ ሥልጠናው ላይ የሚላከው ግን ባለሙያው ነው። ኃላፊው መክፈቻ ንግግር አድርገው ወደ ስብሰባ ይሄዳሉ።

ማሽኑም ቢሆን ለእኛ ሰው ታስቦ አልተሠራም። አንዱን ቀረብ ብለን እንይ። ደብዳቤ ከክልል በፍላሽ ይመጣል፤ ኃላፊው ይከፍቱታል፤ አማርኛው የለም። ገጹን የላቲን ፊደል ከነነጠብጣቡና ከነቅንፉ ተዘባርቆ ሞልቶታል። «ቫይረስ በላው» ይላሉ። ቫይረስ አይደለም። ቀደም ባለው ዘመን የተሠሩት ብዙዎቹ የአማርኛ ሶፍትዌሮች፣ ቪዥዋል ግዕዝን ጨምሮ፣ ፊደላችንን ያስቀመጡት ለላቲን ፊደል በተመደበው ቁጥር ላይ ነበር። ጽሑፉ አማርኛ ሆኖ የሚታየው ያ ፎንት በተጫነበት ማሽን ላይ ብቻ ነው። አምራቹ ሁሉ በራሱ አደላደል ስለሄደም የአንዱ ጽሑፍ በሌላው ሶፍትዌር አይነበብም። የግዕዝ ፊደል የራሱን ዓለም አቀፍ ቁጥር ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ነው። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ለገበያ ያቀረበው ደግሞ በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። በአሮጌው አሠራር የተተየበው ደብዳቤ ግን ዛሬም በየቢሮው ሃርድ ዲስክ ላይ አለ። ልጁ ጽሑፉን ሙሉ መርጦ ፎንቱን ይቀይርና «ይኸው» ይላል፤ ኃላፊው ተአምር ያዩ ይመስላቸዋል። ሁለት ደቂቃ ታግሶ፣ ከላይ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን የፎንት ስም በጣቱ አሳይቶ፣ «ጋሼ፣ እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ ይችን ስም ይዩ» ቢላቸው በሌላ ጊዜ አይደነግጡም ነበር።

የቀን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። የእኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ወራችን 13 ነው። ኃላፊው ጥቅምት 30ን በቁጥር 30/2/2017 ብለው ኤክሴል ላይ ቢጽፉ ማሽኑ ቀን ነው ብሎ አይቀበላቸውም፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለተኛው ወር 30 የለውምና። ሌሎቹን ቀኖች በራሱ ካላንደር ይተረጉምና ሠንጠረዡ በቀን ይደርደር ሲባል ይዘበራረቃል። ሰዓቱም ከእኛ በስድስት ይለያል። የዕድሜ ልክ አቆጣጠሩን የሚቃወም ዕቃ ፊት የተቀመጠ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

በዚህ ላይ ሰሜን ወሎ የደረሰባት አለ። በነሐሴ 2013 ወልድያና አካባቢዋ በህወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ገቡ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ሕዝቡ ያለ መብራትና ያለ ስልክ ከረመ። ሆስፒታሉ፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲና የመንግሥት ቢሮዎች ተዘረፉ፣ ወደሙ። ኮምፒዩተር ሲወሰድ ውስጡ ያለው መረጃም አብሮ ሄደ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። ሥራው ሁሉ ወደ ፍላሽ ተመለሰ፤ ፍላሽ በዞረበት ሾርትከት ቫይረስ አብሮት ይዞራል። ይህ ቫይረስ ፋይሉን ይደብቅና በስሙ የሾርትከት ምልክት ያስቀምጣል። ፋይሉ አልጠፋም፤ ተደብቋል እንጂ። ይህን የማያውቅ ሰው ደንግጦ ፍላሹን ፎርማት ያደርግና የሩብ ዓመት ሥራውን በገዛ እጁ ያጠፋል። ቅጂ የት ይቀመጥ፣ በስንት ቀን ይወሰድ፣ ማን ይያዘው የሚለው የአመራር ውሳኔ ነው። ቅጂ ምን እንደሆነ ያልገባው ኃላፊ ግን ይህን ውሳኔ ሊወስን አይችልም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቲተሩንና ማኅተሙን ለጸሐፊዋ አስረክቦ «የመሰለሽን አድርጊበት» የሚል ኃላፊ የለም። ማኅተም ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ርክክቡም በፊርማ ነው። ፓስዎርድ ግን በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ይለጠፋል፤ ኃላፊው መስክ ካሉም በስልክ ይነገራል። በሂሳብ ሥራ አዘጋጁ፣ አረጋጋጩና አጽዳቂው የተለያዩ ሰዎች የሆኑት አንዱ የሌላውን ስህተት እንዲይዝ ነው። የሦስቱ ፓስዎርድ አንድ ወጣት እጅ ሲገባ ያ ጥበቃ ፈረሰ። ጉድለት ሲገኝ ኦዲተሩ የሚያየው የኃላፊውን ስም ነው። «እኔ አልነካሁትም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ ግን ማን ያምናቸዋል? ልጁም አያመልጥም፤ የታዘዘው በቃል ነውና የሚያሳየው ወረቀት የለውም። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለዲጂታል ፊርማና ሰነድ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥተዋል። ሥራው ወደ ዲጂታል ፊርማ እየሄደ ነውና ፓስዎርድ ከማኅተም አያንስም።

ልጁን የሚጎዳው ሌላም ነገር አለ። በውጤት ተኮር እቅዱ ላይ «ኃላፊን ማገዝ» የሚል መስመር የለም። የጋሼን ፕሪንተር ሲያክም የዋለበት ቀን በምዘና ጊዜ ምንም እንዳልሠራ ይቆጠርበታል። የጸሐፊዋ ደግሞ ይብሳል። የቢሮው ደብዳቤ ሁሉ እርሷ ማሽን ላይ ስለሆነ በወሊድ ፈቃድ ላይ እያለች እንኳ አራስ ቤት ስልክ ይደወልላታል።

ችግሩ የወረዳ ብቻ እንዳይመስለን። በኅዳር 2011 የጃፓን የሳይበር ደኅንነት ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ዮሺታካ ሳኩራዳ ኮምፒዩተር ተጠቅመው እንደማያውቁ ለአገራቸው ፓርላማ ተናግረዋል። ምክንያታቸው ከወጣትነታቸው ጀምሮ ጸሐፊና ሠራተኛ ሲያዝዙ መኖራቸው ነበር፤ የእኛው ረቂቅና ታይፒስት ማለት ነው። የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ አለቃ የነበሩት ጃክ ዌልች በ1999 እ.ኤ.አ. ያደረጉት ግን ሊቀዳ የሚገባው ነው። 500 ያህል ከፍተኛ ኃላፊዎቻቸው ኢንተርኔትን ከእነርሱ በታች ካሉ ወጣቶች እንዲማሩ አዘዙ፤ ለራሳቸውም አስተማሪ ያዙ። ትእዛዙ ከላይ ስለመጣ፣ አለቃውም ራሳቸው ስለተማሩ፣ ማንም በመማሩ የሚያፍርበት ምክንያት አልነበረም።

በእኛ ቢሮ ትልቁ እንቅፋት ይሄ ሐፍረት ነው። ታላቅ በታናሽ ፊት አላውቅም ማለት ይከብደዋል፤ ታናሽም ታላቁን ማረም ነውር ይመስለዋል። መፍትሔው አክብሮቱን መጣል አይደለም። አንቱታው ይቆይ፤ ማውሱ ግን ከጋሼ እጅ አይውጣ። ልጁ አጠገባቸው ይቀመጥ፣ በአፉ ይምራ፣ እጁን ይሰብስብ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ፤ ዛሬ ፋይል የት እንደሚቀመጥ፣ ነገ መብራት ሳይሄድ በፊት ኮንትሮልና ኤስን ተጭኖ ማስቀመጥ። ኃላፊው በገዛ እጃቸው በአማርኛ ማስታወሻቸው ላይ ይጻፉት። እንደማይችሉ የሚታሰቡት እነዚሁ ኃላፊዎች በስልካቸው ደብዳቤ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይልካሉ፤ በቴሌብር ይከፍላሉ። ያን የተማሩት የራሳቸው ገንዘብና ጉዳይ ስለሆነ፣ ስልኩንም ማንም ከእጃቸው ስላልወሰደው ነው።

በሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ መርሐ ግብር ለወጣቶች መልካም ዕድል ነው፤ ፕሮግራሚንግና ዳታ ሳይንስ ያስተምራል። ኢሜይል ላይ ፋይል ማያያዝ ለቸገራቸው የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ግን መነሻቸው እርሱ አይደለም። ለእነርሱ የሚያስፈልገው በአማርኛ የተዘጋጀ፣ በራሳቸው ሥራ ላይ የተመሠረተ፣ በራሳቸው ጠረጴዛ የሚሰጥ አጭር ትምህርት ነው። አስተማሪ አይጠፋም፤ ወልድያ ላይ ዩኒቨርሲቲውና ፖሊ ቴክኒኩ፣ መርሳ ላይ የግብርና ኮሌጁ አሉ። ዞኑም ሆነ ወረዳዎቹ ለሚመጣው በጀት ዓመት ሲያቅዱ ሁለት ነገር ያስገቡ። ለኃላፊዎች በሳምንት የተወሰነ የልምምድ ሰዓት ይያዝ፤ የሚያስተምረው ባለሙያም በምዘናው ላይ ነጥብ ይሰጠው። እናንተ ኃላፊ የሆናችሁ አንባቢዎች ደግሞ እስከዚያ አትጠብቁ። ዛሬ ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡና ፓስዎርዳችሁን በገዛ እጃችሁ ቀይሩ፤ አዲሱን ለእርሱም ቢሆን አትንገሩት።